«እየተጣራ ነው»

በአገራችን ሁለት ዓይነት እሳት አለ፤ «ኮንታክት ነው» የሚባለውና «መንስኤው እየተጣራ ነው» የሚባለው። የመጀመሪያውን ሕዝቡ እዚያው ቆሞ ይፈርደዋል። ሁለተኛውን ዜና ይነግረናል። ከዚያ ወዲያማ ማን ያስታውሰዋል!

ሐዋሳን ውሰዱ። ሐይቁ አጠገቧ ነው፤ መንገዶቿም ሰፋፊ ናቸው። ገበያ ስትገቡ ግን ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተደጋግፎ፣ አንዱ ሱቅ ከጎረቤቱ መብራት ስቦ፣ ልብሱም ፕላስቲኩም እስከ ጣሪያ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። እዚያ ሱቅ ሲነድ የባለቤቱ ጥያቄ «ከየት ተነሣ?» ነው። ዕቃው በዱቤ የመጣ፣ ዕቁቡ ያልተከፈለ ነዋ! ኢንሹራንስ ቢኖረው እንኳ መልሱ ካልታወቀ ካሳው ይጓተትበታል። ጎረቤትም በሐሜት ይከሰሳል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ «ሆን ተብሎ ነው» የሚለው ወሬ ከጭሱ እኩል አገር አዳርሷል።

እሳት ግን ምልክት ይተዋል። የሠለጠነ መርማሪ ብዙም ካልተቃጠለው ጀምሮ ወደ ባሰው ይሄዳል፤ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ እየሰፋ የሚወጣውን የጥላሸት መስመር ቁልቁል ይከተላል። የቀለጠ ሽቦ ስላገኘ ብቻ «ኮንታክት ነው» አይልም። መዳብ በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ስለዚህ እሳቱ ራሱ ሊያቀልጠው ይችላል። ሽቦው እሳቱን አመጣ ወይስ እሳቱ ሽቦውን በላው? ይህን ለመለየት ቦታው ሳይነካ መቆየት አለበት። እኛ ዘንድ ግን እሳቱ በቅጡ ሳይበርድ ቆርቆሮ የሚለቅመው፣ የተረፈ ዕቃ የሚጎትተው ይጎርፋል። ቀጥሎ ፍርስራሹ ይጠረጋል፤ ማስረጃውም አብሮ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል ካለ ቂሊንጦን ያስታውስ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ማረሚያ ቤቱ ተቃጠለ፤ መንግሥት 23 ሰዎች መሞታቸውን ተናገረ። ከዚያ 38 እስረኞች «የለኮሳችሁት እናንተ ናችሁ» ተብለው ተከሰሱ። ከእነርሱም መካከል በምርመራ ወቅት ስቃይ ተፈጸመብን ብለው ለፍርድ ቤት ያመለከቱ ነበሩ። የእሳትን መነሻ ከአመዱ የሚያነብ ባለሙያ በሌለበት፣ ምርመራው ወደ ሰው ጀርባ መዞሩ ያስፈራል።

ለንደን ውስጥ ሰኔ 2009 ዓ.ም. ግሬንፌል የሚባል ፎቅ ነድዶ 72 ሰዎች አለቁ። አጣሪዎቹ እሳቱ ከአንድ ወጥ ቤት ፍሪጅ መነሣቱን ለይተው አላበቁም። የሕንፃው የውጭ ልባስ እንዴት እንዳዛመተው፣ ጥፋቱም የእነማን እንደሆነ ጽፈው ነሐሴ 2016 ዓ.ም. የመጨረሻውን ሪፖርት አወጡ። ሰባት ዓመት! ዘግይቷል፤ ግን ማንም ገልጦ ሊያነበው ይችላል።

በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። «እየተጣራ ነው» ያለ ኃላፊ «ተጣራ» የሚልበትንም ቀን ይቁረጥልን። ካልታወቀም «አልታወቀም» ይበለን፣ እሱም መልስ ነው። አለዚያ ነጋዴው ተበድሮ ያንኑ ቆርቆሮ ያቆማል፤ ያንኑ ሽቦም መልሶ ይስባል።