በናዝሬት ስላደገው ጥበብ፤ በሉቃስ 2፥52 ትርጓሜ ላይ የተጻፈ ሐተታ

ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 በቍጥር 52 ጌታችን በናዝሬት ሳለ በጥበብና በአካል፣ በእግዚአብሔርና በሰውም ፊት በሞገስ ማደጉን ይነግረናል። ይህን ንባብ አርዮሳውያን ይዘው፣ የሚያድግ ሁሉ ጐደሎ ነው፤ እንግዲህ ወልድ ፍጡር ነው ሲሉ ተከራከሩ። ቅዱስ አትናቴዎስ ዕድገቱን ለሥጋ ሰጥቶ መለሰላቸው፤ ቅዱስ ቄርሎስም ጥበቡ ሥጋው ባደገ መጠን እየተገለጠ መሄዱን አስረዳ።

ይህ መልስ እውነት ነው፤ ሃይማኖትንም ይጠብቃል። ነገር ግን በጉባኤያችን አንድ ጉድለት አያለሁ። መምህሩ መናፍቁን ከረታ በኋላ መጽሐፉን ያጥፋል። በቍጥር 51 የተጻፈውን፣ ጌታ ከኢየሩሳሌም ወርዶ ለእናቱና ለዮሴፍ ይታዘዝ የነበረበትን ነገር፣ ለብቻው ይተረጕመዋል። ሁለቱ ቍጥሮች ግን የተያያዙ ናቸው። በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ በማስተዋሉ ያስደነቀው የ12 ዓመት ብላቴና ወዲያው ወደ ጸራቢው ቤት ወርዶ ታዘዘ። ወንጌላዊውም በጥበብ አደገ ያለው ይህን መታዘዝ ከተናገረ በኋላ ነው።

እንግዲህ ዕውቀት በመስማትና በማጥናት ይሰበሰባል። ጥበብ ግን አስቀድሞ ራስን ማስገዛት፣ ቀጥሎም የታወቀውን ለማን፣ መቼ፣ በምን ልክ እንደሚሰጡት መለየት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ በምዕራፍ 8 ዕውቀት እንደሚያስታብይ፣ ፍቅርም እንደሚያንጽ ሲጽፍ የገሠጸው ፍቅር የተለየውን ዕውቀት ነው።

ለዚህም ከሀገራችን ምስክር እንጥራ። በዝዋይ ሐይቅ ካሉት 5 ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ በርሱም ላይ ደብረ ጽዮን አለች። በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦቱንና መጻሕፍቱን ይዘው ከአክሱም ወደዚያ እንደ ሸሹ በትውፊት ይነገራል። መጻሕፍቱን የጠበቁ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ብራናው ካልተጠበቀ ምን ይነበባል? ሆኖም መጽሐፍ በሣጥን ሲቀመጥ ዕውቀት ተጠብቆ ይኖራል፤ ጥበብ ገና አንባቢውን ይጠብቃል። በ1982 ዓ.ም. ያረፉት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዚያው በዝዋይ የካህናት ማሠልጠኛ ማቋቋማቸው ከአባቶች የተቀበሉትን ወደ ሰው ልብ ለማሻገር ነበር።

የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ዓመት የቀድሞ ስሟ በተመለሰላት በአዳማ ከተማ፣ አንድ ወጣት ዲያቆን የዚህን ቍጥር ምስጢር ጠየቀኝ። እኔም አራት አንድምታ ደራርቤ ነገርሁት። እጅ ነሥቶ ሄደ። በማግሥቱ የሰማኸውን ድገምልኝ ብለው አንዱንም መናገር አልቻለም፤ አፍሮም አቀረቀረ። እፍረቱ ግን የእኔ ነበር። ጌታ ጥበቡን በሥጋው ልክ እየገለጠ ሲያድግ፣ እኔ የሰሚዬን ልክ ሳላይ ዐዋቂነቴን አሳየሁት።

ስለዚህ የምታስተምሩ አባቶች፣ የምትፈርዱም ሹማምንት ሆይ፤ አንድምታን መደርደር፣ የሕግንም አንቀጽ መቍጠር ዕውቀት ነው። የደቀ መዝሙሩን ጥያቄ፣ የድኻውንም አቤቱታ እስከ መጨረሻው ታግሦ መስማት ጥበብ ነው። ከእንግዲህ ወዲህ ይህን ንባብ ስትተረጕሙ ከቍጥር 51 ጀምሩ፤ ጥበብ ራሱ ታዝዞ ያደገበት ቤት በዚያ ይገኛልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።