መረቡ የት ተጣለ?

ሥራዬ በጣና ዳር የዓሣ መረጃ መሰብሰብ ነው። ከጀልባ የወረደውን በዝርያ ለይቼ ርዝመቱንና ክብደቱን እለካለሁ። አሥጋሪው ስንት መረብ እንደዘረጋ፣ የመረቡ ዓይን ስፋት ምን ያህል እንደሆነ፣ ውሃ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጠይቄ ስልኬ ላይ ባለው ቅጽ እሞላለሁ። ቅጹ ጠንቃቃ ነው፤ ለ50 ሳንቲ ሜትር ዓሣ 150 ግራም ተብሎ ቢገባ አይቀበልም። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ፈጽሞ የማልዘለው ግን መረቡ የት ተጣለ የሚለውን ነው።

ምክንያቱ ላቢዮባርበስ የሚባሉት ዓሦች ጠባይ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች አፍ ይሰበሰቡና እንቁላላቸውን ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ። ያኔ በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ ሞልቶ ይወጣል። የሐይቁ ዓሣ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የተረፈው እዚያው ስለሚከማች መረቡ መሙላቱን ላያቆም ይችላል። ቦታው ያልተመዘገበለት ቁጥር «ዓሣው ደኅና ነው» ያሰኛል። በጂፒኤስ ሲለይ ግን የወንዙ አፍና የሐይቁ መሃል ለየብቻ ይነበባሉ፤ አፉ እየሞላ መሃሉ ከሳሳ አደጋ አለ።

አደጋው ደግሞ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2000ዎቹ መባቻ በተወሰዱ ናሙናዎች፣ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ላቢዮባርበሶች በክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኝተዋል።

ቦታን መጠየቅ ቀላል አይደለም። አሥጋሪ የሚያውቀውን ጥሩ ቦታ ለሌላ አይገልጥም፤ ቅጣት ይመጣብኛል ብሎም ይሠጋል። ስለዚህ የአንድን ሰው ነጥብ ለማንም አሳልፌ አልሰጥም። ካርታው በሰፋፊ አራት ማዕዘኖች ተከፍሎ የሁሉም ድምር ብቻ ይታያል፤ መጀመሪያ የማሳየውም ለአሥጋሪዎቹ ነው። ጂፒኤስ የሌለው የታንኳ አሥጋሪ እንደ ዘጌና ደቅ ያሉ ቦታዎችን ጠቅሶ በቃሉ ይነግረኛል፤ እኔ ካርታው ላይ አስቀምጣለሁ። እሱ ከተዘለለ መረጃው የባለሞተሮቹ ብቻ ይሆናል።

በደብተር የተጻፈ ቁጥር ተደምሮ እስኪያልቅ ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ ወይም በመረብ አልቆ ይቆያል። በስልክ የተላከው በዚያው ሳምንት ይነበባል። የወንዝ አፎቹን በነሐሴና በመስከረም ከመረብ ነፃ ለማድረግ ከአሥጋሪዎች ጋር የምንመካከረው ዓሣው ገና እዚያው ሳለ ነው። ለእኔ የዲጂታል መሣሪያ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ውሳኔውን ከዓሣው ጉዞ ማስቀደም።