ተረጋግቶ መበላት

ቅዳሜ ማታ፣ አምቦ። ቤቲንግ ቤቱ ጢም ብሏል። አንዱ ትኬቱን ጨምድዶ «አንድ ጨዋታ በላኝ!» ይላል። ከአስሩ ዘጠኙ ገብቶለታል። ጉደርም ጊንጪም ብትሄዱ ይህችን ዓረፍተ ነገር ትሰማላችሁ። እኔም ስንቴ ብያታለሁ።

የማሪያ ኮኒኮቫን «ዘ ቢገስት ብለፍ» ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። መጽሐፉ በ2020 እ.ኤ.አ. ታተመ። ኮኒኮቫ የሥነ ልቦና ዶክተር ናት፤ ካርታ በጠቅላላ ስንት እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ ኤሪክ ሳይደል ከተባለ አንጋፋ ተጫዋች ፖከር ትማራለች። በ2018 ባሃማስ ላይ ውድድር አሸንፋ ከ84 ሺህ ዶላር በላይ ወሰደች።

የመጽሐፉ ጉልበት ስሜት ላይ ነው። ፖከረኞች «ቲልት» የሚሉት፣ ተጫዋች ሲበላ ደሙ ፈልቶ የሚያብድበት ነገር አለ። እኛ «እልህ» እንለዋለን፤ እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባል የለ? ሳይደል «ጥሩ ካርታ ይዤ ተበላሁ» የሚል ለቅሶ መስማት አይፈልግም። የሚጠይቃት «እንዴት ወሰንሽ?» ብሎ ነው። «አንድ ጨዋታ በላኝ» ያው ለቅሶ መሆኑ የገባኝ እዚህ ጋ ነው።

እናም ምክሩን ሞከርኩት። ደብተር ገዛሁ፣ ስናደድ መቁረጥ አቆምኩ፣ ምክንያቴን መጻፍ ጀመርኩ። ውጤቱ? የቤት ኪራዬን ተረጋግቼ ተበላሁ።

ለምን? ፖከር ላይ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ነው። እሱ እልህ ሲይዘው የናንተ እርጋታ ገንዘብ ይሆናል። ቤቲንግ ላይ ግን ፊት ለፊት ያለው ኦድ ነው፤ ኦድ አይናደድም፣ የቤቱ ትርፍም ቀድሞ ተቆርጦ ገብቶበታል። ሒሳቡን እዩት፦ እያንዳንዱ ጨዋታ 70 በመቶ የማለፍ ዕድል ቢኖረው፣ አስሩም አብረው የሚገቡት ከ100 ትኬት ሦስት በማይሞላው ነው። ዘጠኝ ገብቶ አንድ የሚቀረው ግን 12 ያህሉ ላይ ነው። «ትንሽ ቀረኝ» የምንለው ነገር ከማሸነፍ አራት እጥፍ ይበዛል ማለት ነው። ቀርበን አይደለም፤ ጨዋታው እንዲህ ነው።

ኮኒኮቫ ሐቀኛ ናት፤ ዕድልን ማንም አያዘውም ትላለች። ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ደጋግማ «ራስህን እይ» ስትል፣ የተቀመጥንበትን ጠረጴዛ ማየት እንዘነጋለን። እሷ ጠረጴዛዋን መርጣ፣ አስተማሪ ይዛ፣ መጽሐፍ ልትጽፍ ነው የገባችው። እኛ የምንገባው ኪራይ ልንሞላ ነው።

አንብቡት፣ ያምራል። ግን «እንዴት ወሰንኩ?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ጋር ነው የምጫወተው?» በሉ። እኔ ይህን ጥያቄ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ባዶ ነው።