የግራው ጠባቂ ዋጋ፦ የማይክል ሉዊስ «ዘ ብላይንድ ሳይድ» ሂሳዊ ዳሰሳ

መጽሐፉ የሚጀምረው በአጥንት መሰበር ነው። ኖቬምበር 18 ቀን 1985 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ሰኞ ማታ፣ ዋሽንግተን ውስጥ፣ የኒውዮርክ ጃየንትሱ ሎውረንስ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ (ኳስ ወርዋሪ) ጆ ታይዝማንን ከኋላው ደርሶ ጣለው። የታይዝማን እግር ተሰበረ፤ የተጫዋችነት ዘመኑም በዚያች ምሽት አበቃ። አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ያየው የተሰበረውን እግር ነው። ማይክል ሉዊስ በ2006 ባሳተመው «ዘ ብላይንድ ሳይድ» የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ታይዝማን ቴይለርን ለምን አላየውም? ሊከላከልለት ይገባ የነበረውስ ማን ነው?

ርእሱ «ዓይን የማያየው ወገን» እንደማለት ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ኳርተርባክ ለመወርወር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ግራ ጎኑ ከዕይታው ይሰወራል። ያንን ወገን የሚጠብቀው ግዙፍ ሰው የግራ ታክል ይባላል። ኳስ አይነካም፤ ነጥብ አያስቆጥርም፤ ስሙ የሚነሳው ሲሳሳት ብቻ ነው። የመጽሐፉ ጭብጥ ይህ ማንም ልብ የማይለው ሰው በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እንዴት ከኳርተርባኩ ቀጥሎ ከፍተኛ ክፍያ የሚያገኝ ተጫዋች ሊሆን እንደቻለ ማሳየት ነው። ስለዚህ ሥራው፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ እያንዳንዱ ቡድን በዓመታዊው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ በድራፍት፣ የሚጋፈጠውን ጥያቄ ያነሳል፦ ተራችን ሲደርስ ለየትኛው የሜዳ ቦታ እንምረጥ?

መዋቅሩ በሁለት የትረካ ክሮች የተገመደ ነው። አንደኛው የስልትና የገበያ ታሪክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሜምፊስ ውስጥ በድህነት ያደገው፣ ባለጸጋ ነጭ ቤተሰብ ቤቱ ያስጠጋው፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲዎች የተሻሙበት የማይክል ኦር ታሪክ ነው። ሁለቱ ክሮች እየተፈራረቁ ይመጣሉ፤ የአንዱ ምዕራፍ ለሌላው ንግር ይሆናል። ስለ ቴይለር አስፈሪነት ያነበበ ሰው የኦርን ቁመናና የእግር ፍጥነት ሲያገኝ፣ መልማዮቹ ለምን እንደጓጉ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። በማብራሪያ ሊነገር የሚችለውን ነገር በአደራደር ብቻ ማስረዳት የበሰለ ጸሐፊ ምልክት ነው።

ከቋንቋው ጎልቶ የሚታየው የጊዜ አያያዙ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ የአራትና የአምስት ሰከንድ ክስተትን በገጾች ይዘረጋል፤ በየሰከንዱ መሐል ምልሰት እያስገባ የቴይለርን ማንነት፣ የአሠልጣኞችን ፍርሃት፣ የጨዋታውን ዕቅድ ይተርካል፤ ጡዘቱ ሲደርስ አንባቢው ውጤቱን ቀድሞ እያወቀ እንኳ ይጨነቃል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ስላቁ ቀዝቃዛ፣ ሙያዊ ቃላቱ ጥቂት ናቸው። ጨዋታውን ጨርሶ የማያውቅ አንባቢ እንኳ አይጠፋበትም።

ከሁሉ የሚልቁት ስለ አሠልጣኙ ቢል ዋልሽ የተጻፉት ምዕራፎች ናቸው። የሳን ፍራንሲስኮው ዋልሽ አጫጭርና የተለኩ ውርወራዎችን የጨዋታው ልብ አደረገ፤ ውርወራ ሲበዛ ግን የወርዋሪው ደኅንነት የቡድኑ ሁሉ ደኅንነት ሆነ። ጃንዋሪ 1982 ላይ ቴይለርን ለማስቆም ጆን ኤርስ የተባለውን የመስመር ተጫዋች ከተለመደ ተግባሩ አንስቶ በቴይለር ፊት አቆመው። ጃንዋሪ 1988 ላይ ደግሞ ሚኒሶታ ዋልሽን 36 ለ 24 አሸነፈው፤ የሚኒሶታው ክሪስ ዶልማን በዚያው በማይታየው ወገን ሲገባ የሚያቆመው አልነበረም። በዓመቱ ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ የግራውን ወገን የያዘው ስቲቭ ዋላስ ነበር፤ ውጤቱም 34 ለ 9 ተገለበጠ። ሉዊስ እዚህ ላይ ስልትን እንደ ድርጊት፣ አሠልጣኝን እንደ ገጸ ባሕርይ ያስነብበናል። ከዚያ ወደ ገበያው ይሻገራል፦ በ1993 ተጫዋቾች ኮንትራታቸው ሲያበቃ በነጻነት መዘዋወር ሲጀምሩ፣ አሠልጣኞች በልባቸው የያዙት ፍርሃት በዶላር ተተመነ። እኛም ሊቨርፑል በ2018 ለተከላካዩ ቨርጂል ቫን ዳይክ 75 ሚሊዮን ፓውንድ ሲከፍል ተመሳሳይ ነገር አይተናል፦ ግብ ማስቆጠር ዋና ሥራው ያልሆነ ሰው ዋጋ የሚታወቀው እሱ በሌለበት ነው።

ይህን ያህል ካመሰገንን በኋላ ግን የመጽሐፉን የሙግት ስንጥቅ ማሳየት ይገባል። ሉዊስ የአንድን ቦታ ዋጋ በሚገባ ያስረዳል፤ ያ ዋጋ ወደ ምርጫ ሲተረጎም ምን እንደሚሆን ግን አይመረምርም። አንባቢው ይዞት የሚወጣው ስሜት «ቦታው ውድ ከሆነ ቀድመህ ምረጠው» የሚል ነው። የራሱ የመጽሐፉ ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። ቴይለር በ1981 ድራፍት 2ኛ የተመረጠ ነው። በዚያች የኖቬምበር ምሽት በጉዳት ምክንያት ያልተሰለፈው የዋሽንግተን የግራ ታክል ጆ ጃኮቢ ደግሞ በዚያው ዓመት ድራፍት ማንም ሳይመርጠው የቀረ ሰው ነው። የዋልሽን ሥጋት ያስወገደው ዋላስም በ1986 በ4ኛው ዙር የተመረጠ ነበር። በአንጻሩ በ1989 ግሪን ቤይ 2ኛ አድርጎ የመረጠው ታክል ቶኒ ማንዳሪች ሳይሳካለት ሲቀር፣ ከእሱ ቀጥለው በ3ኛ፣ በ4ኛና በ5ኛ የተጠሩት ባሪ ሳንደርስ፣ ዴሪክ ቶማስና ዲዮን ሳንደርስ ነበሩ። የሰው ዋጋና የቦታ ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሉዊስ ግን አንዱን አስረድቶ ሌላውንም ያስረዳ ይመስለዋል።

ጉድለቱ ቁጥር የሚያነብ አንባቢን ይበልጥ ይቆረቁረዋል። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉት ምሁራን፣ መጽሐፉ ከመታተሙ ቀደም ብሎ ባሰራጩት ጥናት፣ ቡድኖች ለመጀመሪያዎቹ ተራዎች ከሚገባው በላይ እንደሚከፍሉና ዝቅ ያሉ ተራዎች ለወጪያቸው የተሻለ ትርፍ እንደሚያስገኙ አሳይተዋል። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ ለ6 ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ተፈራረመ። በ2011 ደንቡ ተለውጦ የአዲስ ገቢዎች ክፍያ በምርጫ ተራቸው ሲወሰን፣ የዚያ ዓመት አንደኛ ካም ኒውተን ለ4 ዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ አገኘ። ክፍያው በተራ እንጂ በቦታ የማይለይ ከሆነ፣ ገበያው ውድ ያደረገውን ቦታ በድራፍት ማግኘት ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ርካሽ ቦታን በውድ ተራ መውሰድ ደግሞ ኪሳራ። ከዚህ ጋር «በኋለኞቹ ዙሮች ተመሳሳይ ተጫዋች ይገኛል ወይ?» እና «ትንበያችን ምን ያህል ያስተማምናል?» የሚሉት ጥያቄዎች ሲደመሩ ነው የምርጫው ሒሳብ የሚሞላው። የ2011ዱን ደንብ አላወቀም ብሎ የ2006ን መጽሐፍ መክሰስ አይገባም፤ ሁለቱ ጥያቄዎች ግን ያኔም ነበሩ።

ሌላው ድክመት አንዱን ሰው ከአምስቱ ነጥሎ ማንገሡ ነው። ኳርተርባኩን የሚከላከለው መስመር አምስት ሰው ነው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ሸክሙ የጋራ ነው፤ አንዱ ቢሳሳት ግን የአራቱ ልፋት ከንቱ ነው። ኳርተርባኩን የሚያሳድዱትም ይህን ስላወቁ በቀኝ በኩል መምጣትን ለመዱ። በ2024 ዲትሮይት ለቀኝ ታክሉ ፔኔ ሱዌል ለ4 ዓመት 112 ሚሊዮን ዶላር ሲፈራረም፣ በወቅቱ ከመስመር ተጫዋቾች ሁሉ ከፍተኛው ክፍያ ነበር። ማይክል ኦር ራሱ በ2009 ለባልቲሞር 23ኛ ተመርጦ፣ የ2012ን የውድድር ዘመን የሊጉን ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሲያሸንፍ ይጫወት የነበረው በቀኝ ታክልነት ነው።

የመጨረሻው ነቀፌታ የአንጻር ነው፤ ከፊተኛውም ጋር ሥሩ አንድ ነው። ኦር የታሪኩ ማዕከል ሆኖ ሳለ የምናየው በሌሎች ዓይን ነው፦ በመልማዮቹ፣ በአስተማሪዎቹ፣ በቤተሰቡ። ደራሲው ከአባወራው ጋር በልጅነት አብሮ የተማረ መሆኑ በር ከፍቶለታል፤ ካሜራውንም ሳሎን ውስጥ ተክሎታል። ኦር በ2011 የራሱን ትዝታ ጽፎ አሳተመ። በ2023 ደግሞ ቤተሰቡ በማደጎ እንዳልወሰደው፣ ይልቁንም በሕግ ሞግዚትነት ሥር እንዳኖረው ገልጾ ቴኔሲ ውስጥ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ ቤተሰቡ በደል አልፈጸምንም አለ፤ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ሞግዚትነቱን አነሳ። ክርክሩን መዳኘት የሃያሲ ሥራ አይደለም። የልጁ ድምፅ በገጾቹ ላይ ለምን እንደሳሳ መጠየቅ ግን የሃያሲ ሥራ ነው። ሉዊስ ቦታውን አጥርቶ አየ፤ ቦታው ላይ የቆመውን ሰው ግን በቦታው ዋጋ በኩል አየው።

ፍርዴ ይህ ነው፦ «ዘ ብላይንድ ሳይድ» ስለ ሜዳ ታሪክ ከተጻፉ ትረካዎች ግንባር ቀደም ነው፤ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የሚሻ ያንብበው። ማንን እንደሚመርጥ ለመወሰን የሚሻ ግን መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ ሒሳቡን ራሱ ይሥራ። በ2018 ድራፍት ጃየንትስ ሯጩን ሴኮን ባርክሊን 2ኛ አድርጎ መረጠው። በዚያው ድራፍት ፊላደልፊያ ከአውስትራሊያ ራግቢ የመጣውን፣ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫውቶ የማያውቀውን ጆርደን ማይላታን በ233ኛ ተራ ወሰደው። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ፊላደልፊያ ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ረትቶ ሱፐር ቦውልን ሲወስድ ባርክሊም ወደዚያው ተሻግሮ ስለነበር ሁለቱም የዚያው ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ፤ የግራ ታክሉ ማይላታ ነበር።