ካርብራተር ውስጥ የከረመ ቤንዚን

በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዙሪያም ሆነ ከጉና ተራራ በሚነሣው በጉማራ ወንዝ ዳር እስከ ፎገራ ድረስ፣ የቤንዚን ውሃ ፓምፕ የበጋ ሠራተኛ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሥራውን ሲረከበው ቤት ጥግ ይቀመጣል፤ የመስኖ ወራት እስኪደርስም የሚነካው የለም። ከዚያ ገመዱ ቢጎተት፣ ደግሞ ቢጎተት ሞተሩ አይነሣም። ካንዴላ ይለወጣል፣ ፒስተኑም ይጠረጠራል። ሲሠራ ቆይቶ በደህና የገባ ሞተር ከሆነ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ካርብራተሩ ውስጥ የከረመው ቤንዚን ነው።

ቤንዚን ቶሎ የሚተኑና ዘግይተው የሚተኑ የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው። የካርብራተሩ ኩባያ አየር ማስገቢያ ስላለው፣ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስነሣው ቀላሉ ክፍል ቀድሞ ይተናል። የቀረው ከአየር ጋር እየተዋሐደ ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ በካርብራተሩ የነሐስ ክፍሎች ውስጥ ያለው መዳብም ይህን ያፋጥነዋል። ዋናዋ የነዳጅ ቀዳዳ ከአንድ ሚሊሜትር ታንሳለች፤ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር የሚመግበው ቀዳዳ ከዚያም ይጠባል። ሙጫው እነዚህን ሲደፍን ምልክቱ ቾክ ሲከፈት የሚጠፋ ሞተር ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር አየሩ ስስ በመሆኑ ቤንዚን ሊበዛበት፣ ካንዴላውም በጥላሸት ሊጠቁር ይገባ ነበር። ሞቆም ቾክ ከለመነ አንዱ ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ይቻላል።

ብዙዎች ፓምፑ ከመቀመጡ በፊት የነዳጁን መዝጊያ ዘግተው ሞተሩ እስኪጠፋ ማሠራት ይበቃል ይላሉ። ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ሞተሩ የሚጠፋው ቤንዚኑ ሲያልቅ ሳይሆን ቀዳዳዋ መሳብ ሲያቅታት ነው፤ ከኩባያው ሥር ዝቃጭ ይቀራል። ስለዚህ የማፍሰሻ ብሎኑ ይፈታ። ቤንዚን ውድ ነው ለሚል፣ ይደፋ ያለ የለም፤ በዚያው ቀን ባጃጅ ይጠጣዋል። ችግሩ የኢታኖል ነው የሚልም አለ። አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ኢታኖል ውሃ ይስባል፣ እውነት ነው። ሙጫውን የሚሠራው ግን ቤንዚኑ ራሱ ነው፤ ኢታኖል የሌለበት ነዳጅም አይድንም።

ታንኩም ባዶ ይሁን ሲባል ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የዝገቱ ነው። ባዶ የብረት ታንክ የክረምቱን እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ሞልቶ ማስቀመጥ ይሻላል ይባላል። ለዝገቱ ትክክል ነው። ነገር ግን እሳት በሚነድበት ቤት ሙሉ የቤንዚን ታንክ ማሳደርን አልመክርም። ታንኩ ይገልበጥ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ተጨምሮ ግድግዳው እስኪርስ ይነቅነቅ፣ ይከደን፤ አዲስ ነዳጅ ከመሞላቱ በፊትም ዘይቱ ይፍሰስ። ሞላም ጎደለም የካርብራተሩ ኩባያ ባዶ ይሁን። በካንዴላው ቀዳዳም አንድ ማንኪያ ያህል ዘይት ጠብ ይደረግና ገመዱ በቀስታ ይሳብ፤ ሲከብድ ይተው፤ ያን ጊዜ ቫልቮቹ ተዘግተዋል፣ እርጥበት ወደ ሲሊንደሩ አይገባም።

ዘግይቶ ቀዳዳዋ ከተደፈነች ደግሞ ሽቦ አይስደዱባት። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ አንዴ ከሰፋች ሞተሩ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይጠጣል።