በእንጨት የተያዘ ስለት

የፍሪስላንድን የእንጨት በረዶ መንሸራተቻ መጀመሪያ ያየ ሰው፣ አናጺ ጀምሮ የተወው ሥራ ሊመስለው ይችላል። የጫማ ሶል የሚያህል እንጨት፣ ከሥሩ ረጅምና ቀጭን ብረት፣ ከእግር ጋር የሚያስሩት ጥቂት ጠፍሮች፤ በቃ። ባለቤቱ የራሱን ጫማ እንዳደረገ ከላዩ ቆሞ ያስረዋል። ቁም ነገሩ ግን ሲገለብጡት ነው የሚታየው። ለእኔ ቢተው ሙዚየሞች ሁሉ ሥሩን ወደ ላይ አድርገው በደረደሩት። ብረቱ በተቦረቦረለት ጠባብ መስመር ገብቶ ተቀምጧል፤ ሥራው ደህና ከሆነ በእንጨቱና በብረቱ መካከል ጥፍር አይገባም። ክፍተት ውሃ ያስገባል፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ያብጥና እንጨቱን ይገፋዋል።

በዚሁ በፍሪስላንድ፣ በኔዘርላንድስ ሰሜን፣ አይልስት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1865 የተመሠረተው የኖይትኸዳኽት ቤተሰብ ፋብሪካ መንሸራተቻም የአናጺ መላጊያም ይሠራ ነበር። እንዲያው የተገጣጠመ አይመስለኝም። መላጊያም ቢሆን በእንጨት የተያዘ ስለት ነው፤ እንጨቱ ከተጣመመ ወይም ብረቱ ከተነቃነቀ ከማገዶ አይሻልም። ለአንዱ የሠለጠነ ዓይን ለሌላውም ይሆናል።

አይልስት ራሷ ኤልፍስቴደንቶኽት ከሚያልፍባቸው አሥራ አንድ ከተሞች አንዷ ናት። ከሌዋርደን ተነስቶ ወደ ሌዋርደን የሚመለሰው ይህ የበረዶ መንሸራተት ጉዞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ የሚካሄደው በቦዮችና በሐይቆች ላይ ያለው የተፈጥሮ በረዶ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲወፍር ብቻ ነው። ከ1909 እስከ 1997 የተሳካው 15 ጊዜ ነው። ከልጅነቱ የወጥ ቤት ወንበር እየገፋ በረዶ ላይ መቆም የተማረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው ሊኖር ይችላል። በ1963ቱ ክፉ ብርድና ነፋስ ከ9,000 በላይ ከሆኑት ተራ ተጓዦች የጨረሱት 69 ብቻ ነበሩ።

ያን ያህል መንገድ የሚሸከመው ስለት እንደ ቢላ የሾለ አይደለም። የሆኪ መንሸራተቻ ሥሩ ጎድጎድ ያለ ነው፤ የረጅም መንገዱ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ግራና ቀኙ ትክክለኛ የ90 ዲግሪ ጠርዝ አለው። ወደ ፊት ሲሄድ ይንሸራተታል፤ ወደ ጎን ሲገፉት በጠርዙ ይነክሳል። ርዝመቱም መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ ስንጥቅ እንዳይውጠው ይረዳል፤ ከጉዞው ጋር ትይዩ የሆነውን ስንጥቅ ግን የትኛውም ባለሙያ አላሸነፈውም።

መሳሉ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሁለቱን መንሸራተቻዎች ገልብጠው ጎን ለጎን በአንድ ማቀፊያ ያስራሉ፤ ድንጋዩ ሁለቱን በአንድነት ይረግጣል፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው ሚዛን ይሆነዋል። ብረቱ ሲበላ በጠርዙ ዳር ከፀጉር የቀጠነ ሻካራ ትርፍ ይወጣል። እሱን በትንሽ ድንጋይ ከጎን በኩል ያነሱታል። እዚህ ላይ የቸኮለ የጠርዙንም ልክ ያበላሻል። ፍተሻው ጥፍርን በጠርዙ ላይ አግድም መጎተት ነው፤ ስለቱ ጥፍሩን ስስ አድርጎ ከላጠ ሥራው አልቋል።

ዛሬ ተረከዙ ከስለቱ የሚላቀቅበት፣ ከእግር ጣቶች ሥር ማጠፊያ ያለው መንሸራተቻ ነግሷል። በአምስተርዳሙ ፍሬየ ዩኒቨርሲቲ የጎለበተ ብልሃት ነው፤ በ1998ቱ የናጋኖ ኦሎምፒክ ክብረ ወሰኖችን ጠራርጓል። ፍጥነቱን አልክድም። ሆኖም እሱም ቢሆን የሚሳለው በዚያው በአሮጌው መንገድ ነው።

በኤልፍስቴደንቶኽት መንገድ ላይ በረዶው በሳሳበት፣ በተለይ በድልድዮች አጠገብ፣ ተጓዡ ወጥቶ በስለቱ ይራመዳል። የአካባቢው ሰው ምንጣፍ የሚያነጥፍለት ለዚህ ነው። ከምንጣፉ ውጭ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከረገጠ ጠርዙ ይጎረዳል፤ ከዚያ በኋላ በገፋ ቁጥር እግሩ ወደ ጎን ያመልጠዋል፣ የቀረው መንገድም ገና ብዙ ነው።