የ«በ» ሦስት ፍቺዎች፦ የእንግሊዝኛ የቦታና የጊዜ መስተዋድዶች ትምህርት አሰጣጥ ሲመረመር

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከሚሰጡት መልመጃዎች መካከል የመስተዋድድን ያህል የተዘወተረ፣ ፍሬውም የዚያኑ ያህል ያነሰ ጥቂት ነው። መምህሩ «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት» የተባሉትን ቃላት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ለሰፊ ቦታ «ኢን»፣ ለጠባብ ቦታ «አት» እንደሚገባ ያስረዳል፤ ቀጥሎም ክፍት ቦታ ያስሞላል። ተማሪው ከሦስቱ አንዱን ይገምታል፤ ግምቱ ከተሳካለትም እንዳወቀ ይቆጠርለታል።

ይህ አቀራረብ ሁለት ዐበይት ጉድለቶች አሉት። አንደኛው ደንቡ ራሱ አለመጽናቱ ነው። ኪስ ከአውሮፕላን ማረፊያ እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ ገንዘብ በኪስ ሲሆን «ኢን»፣ እንግዳ በአውሮፕላን ማረፊያ ሲጠበቅ ግን «አት» ይባላል። ቁም ነገሩ የቦታው ስፋት ሳይሆን ቦታው የሚታሰብበት መንገድ ነው። ዙሪያው እንደተከለለ ከታሰበ «ኢን»፣ እንደ ገጽ ከታሰበ «ኦን»፣ እንደ አንድ ነጥብ ከታሰበ «አት» ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት ተማሪው ይዞት የመጣውን ቋንቋ መዘንጋት ነው። አማርኛ ተናጋሪው «በመስከረም»፣ «በጠረጴዛው ላይ»፣ «በ2 ሰዓት» ሲል አንዱን «በ» ለሁሉም ያውላል፤ እንግሊዝኛው ግን ለወሩ «ኢን»፣ ለጠረጴዛው «ኦን»፣ ለሰዓቱ «አት» ይሻል። በአንጻሩ «ሰኞ መጣ»፣ «ቤት ነው» ሲል መስተዋድድ ስለማያስገባ፣ በእንግሊዝኛውም ለዕለቱ የሚያስፈልገውን «ኦን»፣ ለቤቱም የሚያስፈልገውን «አት» ይዘላል። ከጧቱ 2 ሰዓት በእንግሊዝኛው አቈጣጠር 8 ሰዓት መሆኑ ሲታከልበት ደግሞ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል።

ጉዳዩ የሰዋስው ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። የ20 ብር ዕቃ ዋጋ «ባይ» 5 ቀነሰ ሲባል 15፣ «ቱ» 5 ቀነሰ ሲባል ደግሞ 5 ብር ነው። በመስተዋድድ መልመጃ መገመትን የለመደ ተማሪ እዚህም ይገምታል። አማርኛው «በ5» እና «ወደ 5» ብሎ የሚለየውን ሒሳብ እያወቀ ነጥብ ያጣል፤ በሒሳብ ደካማ ነው ተብሎም ይፈረድበታል።

ተማሪ በበዛበት ክፍል ክፍት ቦታ ማስሞላት ለእርማት የቀለለ መሆኑ አይካድም። ሆኖም የእርማት ቅለት የትምህርት ዓላማ ሊሆን አይችልም። ሦስቱን በአንድ ቀን ከመደርደር ይልቅ እያንዳንዱን በክፍሉ ውስጥ ባሉ ዕቃዎች በተናጠል ማስጨበጥ፣ ከዚያም ከተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጋር ማነጻጸር ይበጃል። የጊዜ መስተዋድዶችም ከስማቸው ሳይነጠሉ፣ በተማሪው የዕለት ተግባር መርሐ ግብር እንደ ሙሉ ሐረግ ቢጠኑ ይመረጣል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ርእሱን በአንድ ምዕራፍ ከማጨቅ ወደ ልዩ ልዩ ክፍሎች ቢያከፋፍሉት፣ የፈተና ጥያቄዎችንም ከተነጠለ ዓረፍተ ነገር ወደ አጭር ምንባብ ቢያሸጋግሩ፣ ተማሪው መገመቱን ትቶ ማስተዋል ይጀምራል።